ላንሳትን የጠራሽበት ቀን

ውድ አክስቴ ካሜሎ፣

አባቴ አንቺን ለማናገር ስልኩን ይዞ ኮረብታው ላይ ሲወጣ እኔንም ያስከትለኛል። ከጨረሰ በኋላ "እንኪ፣ አክስትሽን አናግሪያት" ብሎ ይሰጠኛል። እኔ "ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ" እልና ዝም እላለሁ። አንቺም ዝም ትያለሽ። በመካከላችን ከምትሠሪበት ምግብ ቤት ደጅ የካሶንጋን ከተማ ሞተር ብስክሌቶች ሲጮኹ ብቻ ይሰማል። አባቴ ስልኩን መልሶ ይቀበለኝና "እናንተ ሁለታችሁ በዝምታ ነው የምትግባቡት" ይላል።

ስለዚህ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። እጄ ከምላሴ ይሻላል። ብዙ እንዳልተማርኩ ታውቂያለሽ፤ ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂብኝ። የምነግርሽ ስለ ላንሳት ነው። የምጠይቅሽም ነገር አለኝ፤ እሱ ደግሞ ወደ ቤት ስለ መመለስሽ ነው። በቀጥታ ልገባበት ሞክሬ አልሆነልኝም። አንቺ ራስሽ "ማዶ መድረስ የፈለገ መጀመሪያ ሽቅብ ይቀዝፋል" ትዪ የለ? እኔም ሽቅብ ልቅዘፍ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ከጀልባው መውረድ ትቶ ነበር። ለኔ ደረጃ የሚሆነው ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን በጀልባ ስለሚያስኬድ ትምህርቴም እዚያው ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ነው አንቺ መጥተሽ "ስጠኝ ልውሰዳት፤ ጡጦ ታጥብልኛለች" ያልሽው። አባቴ "ይቺ ልጅ እኮ አትናገርም" ሲልሽ "እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከማይናገሩ ጋር ነው" አልሽው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባው ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ ስለነበር አላየሽኝም።

እናት አልባ ኦራንጉታኖች የጫካ ኑሮ የሚማሩበት የደን ትምህርት ቤቱ ጠዋት አሁንም በዓይኔ ይመጣል። ትንንሾቹን ቀይ ጠጉር ዝንጀሮዎች በባለ አንድ ጎማው ጋሪ ጭነሽ ወደ ዛፎቹ ስትገፊ ከኋላሽ እከተል ነበር። አንዱ የሌላውን ጆሮ ይዞ፣ ተቃቅፈው፣ ገበያ እንደሚወርድ ዱባ ይንገጫገጫሉ። ላንሳት ግን ጋሪ አትገባም። እግርሽን አቅፋ ነበር የምትሄደው። አንቺም አንድ እግርሽን እየጎተትሽ፣ ጋሪውን እየገፋሽ፣ "ውረጂ አንቺ ልጅ፣ ወገቤ ተቆረጠ!" እያልሽ ታዘግሚያለሽ። አንድም ቀን ግን አውርደሻት አታውቂም።

እዚያ ስደርስ ላንሳት ከመጣች ዓመታት አልፈው ነበር። የዘይት ዘንባባ ሊተከል ደኑ ሲመነጠር እናቷ ተገድላ፣ እሷ ግራ ቅንድቧ ቆስሎ አንድ ሰው ጓሮ ዶሮ ማደሪያ ውስጥ ተገኘች ብለሽ ነግረሽኛል። የላንሳት ፍሬ በሚደርስበት ወቅት ስለነበር ስሟን በዚያው አወጣችሁላት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደረትሽ ላይ ተለጥፋ እንዳሳለፈች፣ ልብስ ልትቀይሪ እንኳ ስታወርጃት እንደምትጮህ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ዝቅ ይል ነበር።

ምስጥ መብላት ያስተማርሻት ቀን ትዝ ይልሻል? ማስክሽን ዝቅ አድርገሽ፣ የበሰበሰውን ጉቶ ሰብረሽ፣ ምስጡን በከንፈርሽ ለቀምሽና "እምም! እንዴት ይጥማል!" አልሽ። ላንሳት አፍሽን እያየች ነበር። ዞር ስትይ ቱፍ ቱፍ አልሽ። ጓደኛሽ ኤተር ሆዷን ይዛ "ካሜሎ፣ ትንሽ ጨውና በርበሬ ላምጣልሽ?" ስትልሽ "ዝም በይ፣ ትምህርት ላይ ነኝ!" አልሻት። ላንሳትም ጣቷን ጉቶው ውስጥ ሰደደች፤ ቀመሰች፤ ቱፍ ቱፍ አለች። መትፋቱንም እንደ ትምህርት ቆጥራው ነበር።

የእባቡንስ ቀን? ሌሎቹ ሞግዚቶች የፕላስቲኩን እባብ ቅጠል ሥር ደብቀው፣ አንቺ እንደ ድንገት ረግጠሽው "ኡኡ! እባብ!" ብለሽ መሮጥ ነበረብሽ። ጮኽሽ፣ ሮጥሽ። ትንንሾቹ ሁሉ ዛፍ ላይ ወጡ። ላንሳት ብቻዋን መሬት ላይ ቀረች፤ እባቡን በጅራቱ ያዘች፤ ከመንገድሽ ላይ አንስታ ወረወረችው። ከዚያ መጥታ እግርሽን አገላብጣ አየች። አለቃሽ ዶክተር ራትሪ "ፈተናውን ወድቃለች፤ መፍራት ነበረባት" አሉ። አንቺም "አዎ ዶክተር፣ ወድቃለች" አልሽ። እራት ላይ ግን ሩዝሽን ሳትበዪ ለብቻሽ ፈገግ ስትዪ አየሁሽ።

በእኛ ዘንድ ሰው በበኩር ልጁ ስም ነው የሚጠራው። አባቴን "የሄርሊና አባት" ይሉታል። አንቺ ስላልወለድሽ ሰው ሁሉ በስምሽ ይጠራሽ ነበር። የመንደራችን ሳሉንዲክ፣ ያኔም የተለቀቁትን ኦራንጉታኖች ዱካ የሚከተል ሰው ነበር፤ ከወንዙ በላይ በኩል ካለው የዱካ ተከታዮች ካምፕ ዕቃ ሊጭን በመጣ ቁጥር ገና ከጀልባው ሳይወርድ ይጮሃል።

"የላንሳት እናት! ልጅሽ ዛሬም ጠጉሯን ሳታበጥር ነው የወጣችው?"

"መጀመሪያ የራስህን ልጆች አበጥር! የኔዋ ቢያንስ ቅማሏን ራሷ ትለቅማለች!"

ውሎ ሲያድር ቀልዱ ጠፋ፤ ስሙ ግን ቀረ። አባቴ ሳይቀር "የላንሳት እናት መቼ ነው የምትመጣው?" ማለት ጀመረ። አንቺም ስትጠሪ "አቤት" ማለት ጀመርሽ። እኔ ያን ስም አፌ ላይ አድርጌው አላውቅም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም፤ ብትጠይቂኝም አልነግርሽም ነበር። አብረን በምንተኛበት ክፍል ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ስታንቀላፊ የደረትሽን ትንፋሽ እያዳመጥኩ፣ ዶሮ ማደሪያ ውስጥ ብገኝ ኖሮ ብዬ ያሰብኩባቸው ቀኖች ነበሩ። የሞኝ ሐሳብ ነው። ግን ይኸው ጻፍኩት።

ከዚያ ላንሳት የምትለቀቅበት ቀን ደረሰ። ደኑ ከእኛው መንደር በላይ፣ ወንዙ ድንጋይ ላይ እየተላተመ ከሚወርድበት ስፍራ አልፎ መሆኑን ስትሰሚ ሥራሽን እንደምትተዪ ነገርሽኝ። "ከእንግዲህ እኔም ወደ ጫካዬ" አልሽና ሳቅሽ። እዚህ፣ በወንድምሽ ቤት፣ ልትኖሪ ነበር። ደስታዬን የት እንደማደርገው አጥቼ ንጹሕ ጡጦዎችን እንደገና አጠብኩ።

የብረት ሳጥኑን በቅጠል ሸፍነን በአባቴ ጀልባ ላይ ጫንነው። ድንጋያማው ስፍራ ላይ ወንዶቹ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባውን በገመድ ጎተቱ። ዶክተር ራትሪ አስቀድመው አስጠንቅቀውን ነበር። ማንም አይናገርም፣ ማንም ዓይኗን አያይም፣ የሰው ድምፅ ከኋላዋ ሊቀር አይገባም። አንቺ ከሁላችንም ኋላ፣ ትልቅ ዛፍ ተደግፈሽ ቆምሽ። ሳሉንዲክ በገመድ የሳጥኑን መዝጊያ ወደ ላይ ሳበው።

ላንሳት ወጣች። ወደ ማንም ዞር አላለችም። በአንድ ትንፋሽ የሾላው ዛፍ ላይ ወጥታ ትበላ ጀመር፤ ግማሽ የተበላ ፍሬ ከላይ ወርዶ የዶክተር ራትሪን ባርኔጣ መታው። ሁላችንም በማስካችን ውስጥ ሳቃችንን ዋጥን። አንቺ አልሳቅሽም። እጆችሽ ከሆድሽ ላይ አንድ ነገር እንደያዙ ሆነው ቀርተው ነበር።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድን። እዚህ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ከደን የወጣ ሰው ጀልባ ከመግባቱ በፊት የራሱንና አብረውት የገቡትን ነፍስ በየስማቸው መጥራት አለበት፤ አለዚያ ነፍስ ዛፍ ስታይ ቀርታ ሰውየው ባዶውን ቤቱ ይገባና ይታመማል። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያለ ሐሳብ ነው የምናደርገው። አባቴ ጠራ። ሳሉንዲክ ጠራ። ቀጥሎ አንቺ ማስክሽን አወረድሽና በዚያ ማዶ በሚሰማ ድምፅሽ ጠራሽ።

"ካሜሎ፣ ነዪ፣ ቤታችን እንግባ! ሄርሊና፣ ነዪ፣ ቤታችን እንግባ! ላንሳት፣ ነዪ፣ ቤታችን እንግባ!"

አባቴ የሞተሩን ገመድ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዶክተር ራትሪ የጃቫ ሰው ስለሆኑ ቋንቋችንን አልሰሙም፤ ጫማቸውን ያጥቡ ነበር።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ሳሉንዲክ ቀስ ብሎ፣ "ማንን ነው የጠራሽው?"

"አፌ ነው" አልሽ። "ማታ ማታ ወደ ማደሪያዋ ስጠራት፣ አፌ ለምዶት ነው።"

"በይ መልሺው" አለ አባቴ። "አንቺ እዚያው ቅሪ በያት። ቶሎ በይ!"

ወደ ደኑ ዞርሽ። አፍሽን ከፈትሽ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከርሽ። ቃል ጉሮሮ ላይ ሲቆም ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁና ሌላ ቦታ አየሁ። አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ሄድን።

ያ ወቅት ሩዙ የሚያሸትበት ነበር። አንቺና እኔ ከመንደሩ በላይ ያለው ማሳ ላይ ማማ ወጥተን ወፍ እንጠብቅ ነበር። አንቺ በድምፅሽ፣ እኔ በጭብጨባ። "አንቺም ጩኺ እንጂ፣ ወፎቹ እየሳቁብሽ ነው" ትዪኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኽኩ። አባቴ ከታች "ካሜሎ፣ ምን ሆንሽ?" አለ። ድምፄ ካንቺ ድምፅ የማይለይ መሆኑን ያን ቀን አወቅን። ሁለታችንም ተያይተን ሳቅን። ያ ቀን ከቀኖቼ ሁሉ ጥሩው ነበር ብል ታምኚኛለሽ? ማማው ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። የተጠበሰ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ይዘን ነበር፤ ካፊያ ወረደ፤ ከማማው ጣሪያ ሥር እግራችንን አንጠልጥለን ተቀመጥን።

በሳምንቱ ላንሳት ማማው ጣሪያ ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

መጀመሪያ ሸንኮራችንን በልታ ሄደች። በሁለተኛው ጊዜ ግን ወርዳ እጅሽን ያዘች። ሳሉንዲክ ዱካዋን ተከትሎ ሲደርስ እንደዚያ ሆናችሁ አገኛችሁ። ጭንቅላቱን ይዞ ማሳው መሃል ቁጭ አለ። በማግስቱ ዶክተር ራትሪ ቤታችን መጡ። አባቴ "ተጠርታ ነው የመጣችው፤ እሷ ምን አጠፋች?" አላቸው። ዶክተር ራትሪ አልሳቁበትም።

"እኔም የምለው እሱኑ ነው፣ የሄርሊና አባት" አሉት። "ድምፅ ሰምታ ነው የመጣችው።" ከዚያ ወደ አንቺ ዞሩ። "ካሜሎ፣ ትናንት እጅሽን ያዘች። ነገ የማታውቀውን ሰው እጅ ትይዛለች። ያ ሰው ጠመንጃ የያዘ ቢሆንስ?"

"አውቃለሁ ዶክተር።"

"አንድ ጊዜ ከደገመች ወደ ጣቢያው ልመልሳት ግድ ነው። ከተመለሰች ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የላትም፤ ዕድሜ ልኳን ከብረት ጀርባ ነው። ይህን ላንቺ መናገር ለኔም ቀላል አይደለም።"

ከዚያ ወዲህ ጮክ ብለሽ መናገር ተውሽ። ወንዝ ስትወርጂ፣ ሩዝ ስትወቅጪ፣ ሰው ሰላም ሲልሽ፣ ሁሉም በሹክሹክታ ሆነ። ሳሉንዲክ በመንገድ ሲያገኝሽ መቀለድ ፈልጎ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋው ነበር። መንደሩ ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ። እኔ ዝምተኛዋ እንኳ ጨነቀኝ።

ሦስተኛውን ጊዜ ከእኔና ካንቺ በቀር ያየ የለም። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ ነበር። ላንሳት ከማሳው ዳር ብቅ ስትል አንቺ ድስት አንስተሽ በማንኪያ ደበደብሽ። ቆመች። የአፈር ጓል ወረወርሽ። እንደ እባቡ ቀን ጮኽሽ፣ "ኡኡ! ሂጂ! ሂጂ ከዚህ!" እያልሽ። እሷ የሚያስፈራውን ነገር ፍለጋ ዙሪያዋን አየች። በመጨረሻ ከምድጃው ማገዶ አንስተሽ ወረወርሽባት፤ ትከሻዋን መታት። ላንሳት እንጨቱን ከመሬት አነሳችው። አገላበጠችው። ከዚያ እየተንገዳገደች መጥታ እጅሽ ላይ መልሳ አስቀመጠችልሽ። የወደቀብሽ መስሏት ነው።

አንቺ እንጨቱን ይዘሽ ቆምሽ። ፊትሽን ዳግመኛ እንደዚያ አላየሁትም። ከዚያ ዞረሽ ሄድሽ፤ ሮጠሽ ሳይሆን ዝም ብለሽ፣ ወደ ኋላ ሳታዪ፣ ወንዙ ድረስ። እኔም ተከተልኩሽ። ላንሳት አልተከተለችንም። እንዲህ ጀርባ ሰጥተሻት አታውቂምና ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት በአትክልት ነጋዴው ጀልባ ወደ ካሶንጋን ሄድሽ። ቦርሳሽን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አባቴ ወንዙ ዳር ቆሞ እንደ ወጉ ነፍስሽን ሊጠራልሽ "ካሜሎ" ሲል እጁን ያዝሽው።

"ተወው ወንድሜ" አልሽው። "ትንሽ እዚሁ ብትቆይልኝ ምን አለበት።"

ለኔ ምንም አላልሽኝም። ቦርሳውን ተቀብለሽኝ የአንገትጌዬን ቁልፍ ቆለፍሽልኝ። የምለው ነገር ነበረኝ። ጀልባው ወንዙ የሚታጠፍበት እስኪደርስ ድረስ በአፌ ውስጥ ነበር።

ካንቺ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ። በዚያ ዓመት ማንም በማሳው ላይ አልጮኸም። አባቴ ቆርቆሮ በገመድ እየሰቀለ ወፎቹን ሊያስደነግጥ ሞከረ፤ ወፎቹ ቆርቆሮው ላይ ቆመው ያርፉ ጀመር። እህሉን ግማሹን በሉት። ማንም ቅር አላለውም፤ ጎረቤቶቻችንም ማሳቸው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ላንሳት አንድ ቀን ከሩቅ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ዋለች ብሎ ሳሉንዲክ ነገረን። አልወረደችም። ሲመሽ ጎጆዋን እዚያው ዛፍ ላይ ሠርታ አደረች። ጎጆው ጥሩ ነበር አለ፤ ቅርንጫፎቹን አንቺ እንዳሳየሻት ወደ ውስጥ አጥፋቸዋለች። ሲነጋ ሽቅብ ሄደች።

እኔ ካምፑ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኛለሁ፤ ይህን አባቴ ነግሮሻል። ያልነገረሽ ግን ለምን እንደሄድኩ ነው፤ እሱም አያውቅም። የሄድኩት ዱካ ተከታዮቹ ማታ ሲመለሱ የላንሳትን ነገር ቀድሜ ለመስማት ነው። እሷ ሰው እንደማትሻ ከተረጋገጠ አንቺ ትመለሻለሽ ብዬ አስቤ ነበር። ሩዝ እያማሰልኩ ጆሮዬ ከነሱ ዘንድ ነበር። ነገር ግን ያለችበትን እንዲያመለክት ከቆዳዋ ሥር የተቀበረው ትንሽ መሣሪያ ድምፁ ደከመ፤ በመጨረሻ ጠፋ። ሳሉንዲክ አንቴናውን ወደ ሰማይ አንስቶ ሲዞር ሲዞር ይውልና ባዶውን ይመለሳል። "ወይ ሞታለች ወይ ሱልጣን አግብታለች" ይላል። ማንም አይስቅለትም። ስልክ ላይ ስትጠይቂ አባቴ "ደህና ናት" የሚልሽ ሊያስጨንቅሽ ስላልፈለገ ነው እንጂ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ።

ባለፈው የዝናብ ወቅት መጨረሻ ለወጥ የሚሆን የራታን ሐረግ ቡቃያ ልቆርጥ ከሳሉንዲክ ጋር ከካምፑ ራቅ ብለን ሄድን። እሱ ፊት ፊት ሐረጉን እየመነጠረ፣ እኔ ከኋላ ቡቃያውን እየሰበሰብኩ። ከራሴ በላይ ቅጠል ተንቀሳቀሰ። ቀና ስል ከዛፉ መሃል አንድ ፊት አየኝ። የግራ ቅንድቧ ላይ ያለው፣ ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ። ከጎኗ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ተጣብቋል፤ ጠጉሩ ሳሳ ያለ፣ ዓይኑ ክብ የሆነ። ልጅ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እኔ፣ ሰው ፊት ስሜን መናገር የማልችለው፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ "ላንሳት!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፁ ያንቺ ነበር አክስቴ። ሳሉንዲክ ሲዞር ፊቱ ነጥቶ ነበር፤ አንቺ የመጣሽ መስሎታል።

ላንሳት ቆመች። ወደ ታች አየችኝ። እንድትወርድም እንዳትወርድም በአንድ ላይ ተመኘሁ። ዓይኖቿ ላይ ምንም አላገኘሁም። ከዚያ ከንፈሯን አሹላ ያንን የተቆጡ የጫካ ኦራንጉታኖች የሚያሰሙትን ስል ድምፅ አሰማች፤ ደግማ ደጋግማ። ልጇን በእጇ አቅፋ ወደ ጀርባዋ ገፋችው። ደረቅ ቅርንጫፍ ሰበረችና ወረወረችብኝ። ሌላ ሰበረች። ሦስተኛው ቅርጫቴን መታው፤ ቡቃያው ሁሉ ተበተነ።

"ሩጪ!" አለ ሳሉንዲክ እጄን እየጎተተ። "ሩጪ አንቺ ልጅ፣ ቀጥሎ ሽንቷን ነው የምትለቅብን!"

ለቀቀችብን። ሳሉንዲክ ባርኔጣው ላይ ደረሰው። ወንዙ ድረስ ሮጥን። እዚያ ደርሶ ቁጭ አለና ባርኔጣውን አውልቆ አየው፤ ከዚያ ይስቅ ጀመር። እየሳቀ እያለ ዓይኑን በክርኑ ጠረገ።

"አየሻት? አየሻት አይደል? ልክ እንደ ሌባ ነው ያባረረችን! እናቷን ብታገኝ እንኳ በዚህ እንጨት ፈንክታ ነው የምትሸኛት!"

እኔ አልሳቅሁም አላለቀስኩምም። አንድ ነገር ብቻ ነበር በራሴ ውስጥ የሚዞረው። ድምፅሽን ሰማች፤ አልወረደችም።

ለዶክተር ራትሪ ሳሉንዲክ ሁሉን ተናገረ። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ እሱን ማንም ሊጠይቅልኝ አይችልም። ቀኑን ሙሉ የምጠይቅበትን ቃል ስደረድር ሩዙ አረረብኝ። በመጨረሻ ሳህን ላነሳ መስዬ ከአጠገባቸው ቆምኩ።

"ሄርሊና፣ የምትፈልጊው ነገር አለ?"

"አክስቴ" አልኩ። ቀጣዩ ቃል አልመጣ አለኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። እሳቸው አልቸኮሉም፤ ወንበር ሳቡልኝ። "አክስቴ... መምጣት ትችላለች?"

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "በእርግጥ እንደ እሷ አድርገሽ ነው የጠራሻት?"

"አባቴ እንኳ አይለየንም።"

"እስቲ ጥሪኝ።"

አፍሬ ልሞት ደረስኩ። ግን ጠራኋቸው። ዶክተር ራትሪ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩና "ውይ፣ ካሜሎ ራሷ" አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ ቃል በቃል ልጻፍልሽ። "ያኔ እንድትሄድ አላዘዝኳትም። እንዳትሄድም አልለመንኳት፤ ያ ሲቆጨኝ ኖሯል። ትምጣ። ማሳዋ ላይ ትጩህ፣ ወፏን ታባርር። ከድንጋያማው ስፍራ በላይ ግን አትውጣ። ላንሳትን ፍለጋ አንድም ቀን አትውጣ። ይህን ከቻለች ቤቷ ነው።"

አክስቴ፣ ላታልልሽ አልፈልግም። ብትመጪ ላንሳትን አታዪያትም። ልጇንም አታዪም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላወቅንም፤ ስምም አይወጣለትም፤ እነ ዶክተር ራትሪ የወሰኑት እንደዚያ ነው፣ በጫካ የተወለደ ስም አያስፈልገውም ብለዋል። እዚሁ ቅርብ፣ በጀልባ ግማሽ ቀን ርቀት ላይ፣ እሷ ጎጆዋን ስትሠራ አንቺ እዚህ ሩዝ ትወቅጫለሽ። ያን መሸከም ከመራቅ ይከብድ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ከብዶሽ ካሶንጋን መቅረት ብትመርጪ አልቀየምሽም። እኔው እመጣለሁ። ያንቺ ምግብ ቤት ሳህን የምታጥብለት መፈለጉ አይቀርምና።

ግን እዚያ ወንዝ ዳር በአፌ የቀረውን ነገር ካሁን በኋላ ይዤው መኖር አልቻልኩም። ላንሳት እናት አያስፈልጋትም። በደንብ አድርገሽ ስላሳደግሻት አያስፈልጋትም። እኔ ግን ጫካ የምገባ አይደለሁም። እኔ ያስፈልገኛል። ነዪልኝ።

ደግሞም የምትመጪ ከሆነ በስልክ አትንገሪኝ፤ ዝም እላለሁ። ዝም ብለሽ ነዪ።

የወንድምሽ ልጅ፣
ሄርሊና
ከቱምባንግ ሬንጋስ